ዝም ብሎ የወረደው መልህቅ

ባለቤቴ ጉልቨን ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚችለው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ መልህቅን ድምፅ ሳያሰማ ባሕር ውስጥ ማውረድ። ሌላው ሥራው ማንም የሚሠራው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ወደቡ ላይ በረዶ ሲዝቅ፣ የዓሣ ሳጥን ሲሸከም፣ ሌሎች ያጠመዱትን ሲመዝን ኖረ። ከሰኞ እስከ ዓርብ «አንተ» እየተባለ ነው የሚጠራው። ቅዳሜ፣ የሸራ ጀልባዎቹ ለውድድር ሲወጡ፣ ስም ነበረው።

የሚወጣው በዣኬዝ ጀልባ ነው። ዣኬዝ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ከጉልቨን ጋር አብረው ነው ያደጉት፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረው፣ በአንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተባረዋል። ጀልባዋን ከአንዲት መበለት አሮጌዋን ገዝቶ፣ ቧጦ፣ ቀብቶ፣ ወፊቱ የሚል ስም አወጣላት። የእሱ የሆነ ዕቃ ሁሉ ሰማያዊ መስመር ይቀባል፤ የዳቦ መጋገሪያው አካፋም፣ የጀልባዋ ባልዲም፣ መልህቁም። ሦስት ሆነው ይወጡባታል፤ ዣኬዝ ኋላ መሪው ላይ፣ ቀለም ቀቢው ቱዲ መሐል ሸራዎቹ ላይ፣ ጉልቨን ፊት አፍንጫዋ ላይ።

የእኛ ባሕር ሲሞላና ሲጎድል ዳር ዳሩን እንደ ደራሽ ወንዝ ይሮጣል። ነፋስ ካለ ጀልባ ያሸንፈዋል። ነፋስ ከሞተ ግን ሸራው እንደ ርጥብ አንሶላ ይንጠለጠልና ጀልባዋ በመጣችበት ወደኋላ ትወሰዳለች። ያኔ ብልጥ የሆነ መልህቁን ጥሎ ባለበት ይቆማል፤ ሌሎቹ ወደኋላ ይርቁለታል። ችግሩ፣ አጠገብህ ያለው ካየህ እሱም ይጥላል። ስለዚህ መልህቁ የሚወርደው ባላጋራ በማያየው ጎን ነው፤ ሸራው እንደተሰቀለ፣ ገመዱ ክንድ በክንድ እየተለቀቀ፣ ውኃው ጠብ ሳይል። ሁሉም ገና እንደሚጓዝ ሰው ፊቱን አኮሳትሮ ይቀመጣል። ቃል አይወጣም። በዚያ ሰዓት መናገር ቅዳሴ መሐል እንደ መሳደብ ነው። አንድ ጊዜ ቱዲ መልህቁ ሲወርድ አስነጠሰና ዣኬዝ በጋውን ሙሉ ዳቦ የሸጠለት በሚስቱ በኩል ነበር።

ጉልቨን በዚህ ነገር የታወቀ ነበር። የከብት ሐኪሙ ፔሪግ ከእነሱ ይልቅ አዲስና ፈጣን ጀልባ አለው፤ ነፋስ ባለበት ቀን አይደርሱበትም። ነፋስ የሞተ ቀን ግን ጉልቨን ይሰርቀዋል። ማታ መጠጥ ቤት ሲገናኙ ክርክሩ አያልቅም።

«አንተ እኮ ሌባ ብትሆን ይህን ጊዜ ሀብታም ነህ» ይለዋል ፔሪግ የፖም ጠጁን እየቀዳለት።

«ያንተ ቤት ገብቼ ባዶ እጄን ከምወጣ ዓሣዬን ብመዝን ይሻለኛል።»

«እሺ፣ ዛሬ መቼ ነው የጣልከው? ዓይኔን ከአንተ ላይ አልነቀልኩም እኮ!»

«ወደ ሸራህ አንጋጠህ ስትሳደብ። አንተ መሳደብ ስትጀምር እኔ ሥራ እጀምራለሁ።»

ዣኬዝ ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቃል። ጉልቨንም ይስቃል። እቤት እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ቅር አላለኝም፤ እቤት ምን የሚያስቅ ነገር አለ።

እኔ ሸራ ሰፊ ነኝ። እናቴ ታማ ስትተኛ ትምህርቴን ጥዬ ሸራ መስፊያ ቤት ገባሁ፤ እናቴ ሞተች፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። ጉልቨንም የመጣው የተቀደደ ሸራ ተሸክሞ ነው። «ዛሬ ካላደረስሽልኝ ዣኬዝ ይገድለኛል» አለኝ። «ወረፋ አለ፤ ሙትና ተመለስ» አልኩት። እስኪያልቅ ድረስ ደጅ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ከዚያም አልሄደም። ልጅ አልወለድንም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብዙ የሚናገርም አልነበረም።

እጁን ሕመም የጀመረው ፀጉሩ መሸበት ሲጀምር ነው። በረዶ ነው መቼም፣ ሌላ ምን ይሆናል። ጠዋት ሲነሳ ጣቶቹ እንደተጨበጡ ይቀራሉ፤ መሐለኛውን ጣት በሌላው እጅ ገልብጦ ሲያቃናው ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። መጀመሪያ ወጥ ቤት ሄዶ በሙቅ ውኃ ይነክራቸው ነበር። ቆይቶ ሙቅ ውኃውም አልበቃው አለ። ቁልፉን እኔ እቆልፍለት ጀመር፤ ሸሚዙንም፣ ካፖርቱንም። ሐኪሙ በረዶውን ተው አለው፤ ገመድም አትንካ አለው። ከሐኪሙ ስንወጣ መንገድ ላይ ቆመና፣

«ለዣኬዝ እንዳትነግሪ» አለኝ።

«ጓደኛህ አይደለም እንዴ?»

«ጓደኛዬ ስለሆነ ነው። ከሰማ አፍንጫዋ ላይ አያቆመኝም።»

«ታዲያ መሐል ትቀመጣለህ፤ ቱዲ ፊት ይሁን።»

«ቱዲ? ቱዲ መልህቅ የሚጥለው ከፎቅ ላይ ሳጥን እንደሚጥል ሰው ነው።» ትንሽ ሄድን። «አፍንጫዋን ከተቀማሁ ምን ቀረኝ? በረዶና አንቺ።»

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም።»

እንደዚያ ማለቱ ነበር፤ እውነቱንም ነበር። 

በዚያው ዓመት በጸደይ ዣኬዝ ለመልህቁ አዲስ ገመድ ገዝቶ ወደ እኔ አመጣው። የገመዱን ጫፍ በመልህቁ ቀለበት ላይ አዙሬ፣ ጠልፌ፣ በሰም በተነከረ ቀይ ክር ሰፋሁለት። ሌላውንም ጫፍ እንዳይተረተር በዚያው ክር ጠቀለልኩት። ዣኬዝ ሁለት እግሩን ግድግዳ ላይ ተክሎ ጎተተው፤ ፊቱ እንደ ምድጃው ቀላ። «አናይግ፣ ይህን ስፌት ሞት ራሱ አይፈታውም» አለኝ። ለመኩራራት አይደለም የምጽፈው፤ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር በመስከረም፣ ደሴቱን ዞሮ መመለስ ነው። ጠዋት ጉልቨን ከሌላው ቀን የባሰ ነበር። ዳቦውን ቆርጬ፣ ቅቤ ቀብቼ ሰጠሁት፤ በሁለት መዳፉ መሐል ይዞ በላ። ቢጫውን የዝናብ ልብስ እየቆለፍኩለት፣

«ዛሬ ቅር» አልኩት። «ሆዴን አሞኛል በል።»

«ነፋስ የለውም ዛሬ። ነፋስ በሌለበት ቀን እኔ ካልሄድኩ መቼ ልሂድ?»

«ካልቻልክስ?»

«መውረዱን ይወርዳል። መጎተቱን ቱዲ ይጎትተዋል።» በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «አገጬ ሥር ያለውን ቁልፍ ፈታ አድርጊልኝ፤ እያነቀኝ ነው።»

አላላሁለት፤ ሄደ።

ባሕር ላይ የሆነውን በቁርጥራጭ ነው የሰማሁት። አንዳንዱን ቱዲ ነገረኝ፣ አንዳንዱን ፔሪግ፣ የመጨረሻውን ቁራጭ ደግሞ ብዙ ቆይቶ ጉልቨን ራሱ።

ደሴቱን ሲዞሩ ወፊቱና የፔሪግ ጀልባ ከሁሉ ቀድመው ነበር። ሲመለሱ መነኮሳቱን አለፉ። መነኮሳቱ ከዳርቻው ትንሽ ራቅ ብለው የቆሙ፣ ቆብ የደፉ የሚመስሉ ጥቁር አለቶች ናቸው፤ ውኃው ሲሞላ ራሳቸው ብቻ ይታያል። ካለፏቸው በኋላ ነፋሱ ሞተ። ወዲያው ከባሕር ጉም ተነሳና መሬቱን ሸፈነው። ውኃውም ፊቱን አዙሮ ወደኋላ መሮጥ ጀምሮ ነበር። ባሕሩ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ሩቅ የሆነ ቦታ የነፈሰ አውሎ ነፋስ የላከው ረጅም የውኃ እብጠት በሥሩ እየመጣ ጀልባዎቹን ቀስ አድርጎ ያነሳና ያወርዳቸው ነበር።

ፔሪግ በስተ ባሕር በኩል ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ከጉም በቀር የሚታይ ሌላ ነገር የለም። ዣኬዝ በአገጩ ምልክት ሰጠ። ጉልቨን በመሬቱ በኩል ባለው ጎን በሆዱ ተኝቶ መልህቁን ማውረድ ጀመረ።

ከማውረዱ በፊት የገመዱን ሌላ ጫፍ ምሰሶው ሥር ማሰር አለበት። ሁልጊዜ የሚያስረው እሱ ነው፤ ማንም ዞሮ አያየውም። ያን ቀን ጣቶቹ ቋጠሮውን እንቢ አሉት። ሁለት ጊዜ ሞከረ። ቱዲ እንዳያየው ፈራና ጫፉን ምሰሶው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጠምጥሞ ተወው። በእጄ እይዘዋለሁ ብሎ ነው። መልህቁ ውኃ ነካ፤ ጠብ አላለም። ገመዱ ክንድ በክንድ ወረደ። ግማሹ እንዳለቀ ግራ እጁ ተጨብጦ ቀረ፤ ቀኙ ደግሞ መጨበጥ አቃተው። ገመዱ መዳፉን እየላጠ ሄደ። የተጠመጠመውም ተፈትቶ፣ በቀይ ክር የተጠቀለለችው ጫፍ ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ እንደ እባብ ጅራት ሸርተት ብላ ውኃው ውስጥ ገባች።

ያለ ምንም ድምፅ። እንደዚያ አሳምሮ ጥሎ አያውቅም፤ ይህን ያለኝ እሱ ራሱ ነው።

ቱዲ ከመሐል አውራ ጣቱን አንስቶ ጠየቀው፤ ያዘ ወይ ማለቱ ነው። ጉልቨን ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ።

ከዚያ ሁሉም ዝም ብለው ተቀመጡ። ዣኬዝ ፔሪግን ማየት ጀመረ፤ መልህቅ ከያዘ ባላጋራህ ወደኋላ ሲሄድ ታያለህና። ፔሪግ ግን ወደኋላ አልሄደም። እንደነበረ ነው። ቱዲ ወደ ዣኬዝ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣

«ይኼ ቀበሮ እሱም ጥሏል» አለው።

ዣኬዝ በፈገግታ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ምን ያስቡ? ሁለቱ ጀልባዎች እኩል ወደኋላ እየተወሰዱ ነበር፤ እርስ በርስ ሲተያዩ የቆሙ መሰላቸው። ፔሪግም በበኩሉ ወፊቱን ሲያይ እንዳልተንቀሳቀሰ አስቦ ነበር። መሬቱ ቢታይ ኖሮ አንድ ሕፃን እንኳ ያውቀው ነበር። ጉም ነው።

ጀልባዋ እየሄደች መሆኑን የሚያውቀው ጉልቨን ብቻ ነው።

«ለምን ተነስተህ አልነገርክም?» ብዬ ጠይቄዋለሁ በኋላ።

«ነፋሱ ይመጣል ብዬ። በጉንጬ ተሰማኝ፤ አሁን ይመጣል አሁን ይመጣል እያልኩ። ነፋስ ከመጣ መልህቁ ስንጎትተው ጠፋ እላለሁ፤ መልህቅ ይጠፋል፣ የማንም ይጠፋል። አሁን ከተናገርኩ ግን እጄ ነው።»

የመጣው የውኃ ድምፅ ነው። ዣኬዝ ከኋላ ስለሆነ መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው፤ እብጠቱ አለት ላይ ወጥቶ ሲወርድ ያለው ድምፅ። «መነኮሳቱ!» ብሎ ጮኸ፤ ያን ቀን ወፊቱ ላይ ጎላ ብሎ የተነገረው የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው። ለክፉ ቀን ኋላ የተሰቀለው ሞተር ላይ ተወረወረ። ሞተሩ ተነሳ፤ ነገር ግን ውኃ ውስጥ የተንጠለጠለ የሸራ ገመድ ተጠመጠመበትና ታነቀ። እብጠቱ ጀልባዋን አነሳት። ዣኬዝ ከአለቱ ሊያርቃት እግሩን አውጥቶ ገፋ። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ አታድርጉ የምንባለውን ነው ያደረገው፤ ጀልባውን የሚወድ ሰው ሁሉ ደግሞ ያደርገዋል። እብጠቱ ሲወርድ በጀልባዋና በአለቱ መሐል ገባ።

ፔሪግ ጩኸቱን ሲሰማ ሞተሩን አስነስቶ ገባ። ውድድሩን ጣለው፤ ጀልባውን ለማጣትም ምንም አልቀረው ነበር። ጉልቨንንና ቱዲን አወጣቸው። ዣኬዝን ደግሞ በማግስቱ የነፍስ አድን ጀልባ አመጣው። ወፊቱ ተሰባብራ ሰጠመች፤ አንድ ሰማያዊ መስመር ያለው ባልዲ ብቻ ዳር ወጣ።

መርማሪው ሲጠይቅ ጉልቨን «ገመዱ ተበጠሰ» አለ። «መቼ እንደሆነ አላወቅኩም። መልህቁ ጋ ካለው ስፌት ላይ ይመስለኛል።»

እኔም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ያን ክረምት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ፊት ለፊት ክፉ ቃል የተናገረኝ ሰው የለም። የመስፊያ ቤቱ ባለቤት ሸራ መስጠቱን ተወና የሸራ ከረጢት ያሰፋኝ ጀመር። «ዓይንሽን ትንሽ አሳርፊው አናይግ» አለኝ፤ ዓይኔ ምንም አልሆነም። አንዱ ያመጣውን ገመድ እኔን ሲያይ መልሶ ይዞት ሄደ። ዳቦ ልገዛ ስገባ የዣኬዝ ሚስት ስዋዚግ ዳቦውን ትሰጠኛለች፣ ቀና ብላ አታየኝም። በየሌሊቱ ያን ስፌት በሐሳቤ እየተረተርኩ መልሼ እሰፋው ነበር። ሰሙ አነሰ? ክሩ አርጅቶ ነበር? ዣኬዝ ሲጎትተው አንድ ነገር ላልቶ ይሆን? ለጉልቨን፣ «የገደልኩት እኔ እሆን?» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የሐዘን መሰለኝ።

በጸደይ፣ እሑድ ምሳ ላይ ሳለን በሩ ተንኳኳ። የባሕር ቀንድ አውጣ እየጠለቀ የሚለቅመው ሮናን ነው። በጋሪ አንድ ነገር ይዟል።

«መነኮሳቱ ጋ ስሠራ አገኘሁት» አለ። «ከእነሱ እልፍ ብሎ፣ አሸዋ ላይ። ሰማያዊ መስመር አለው።»

መልህቁን ደጃፉ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ቀለበቱ ላይ ገመዱ አለ፤ የእኔ ስፌት አለ። የባሕር አረም ያዘው እንጂ ቀይነቱ አልጠፋም። ገመዱን እየመዘዝኩ እየመዘዝኩ እስከ ሌላው ጫፍ ደረስኩ። አልተበጠሰም። ጫፏ እኔ እንደጠቀለልኳት ነች።

«ቁጭ በል፣ ሾርባ አለ» አልኩት ሮናንን። 

ጉልቨንን አየው፤ እኔን አየኝ። «እኔ ጠላቂ ነኝ፣ ዳኛ አይደለሁም» አለና ጋሪውን ይዞ ሄደ።

ጉልቨን ከወንበሩ አልተነሳም። ከተቀመጠበት በበሩ በኩል ይታየዋል።

«ስፌትሽ ነው» አለ።

«አይቼዋለሁ።»

«አልተፈታም።»

«አልተፈታም፣ አዎ።»

ያኔ ነው የነገረኝ፤ ቋጠሮውን፣ እጁን፣ ጫፏ ስትሄድ ማየቱን፣ ራሱን መነቅነቁን። ሾርባው በረደ። ሁሉንም ሰማሁና፣

«የዣኬዝስ እሺ፣ ባሕር ነው» አልኩት። «ክረምቱን ሙሉ እኔ ላይ ያደረግኸው ግን ምንድን ነው?»

«አንቺ ትችዪዋለሽ ብዬ ነው።»

ይህን ያለው እንደ ምስጋና ነበር። ሰውዬው እኔን የሚያውቀውን ያህል ነው የተናገረው፤ ችዬው ነበራ። ልመታው ፈለግኩ፤ እጁን አየሁና ተውኩት።

«ተነስ፤ ወደ ስዋዚግ እንሂድ።»

«ዛሬ?»

«ሮናን እኮ አፍ አለው። ከአንተ ትስማው።»

መልህቁን በሁለት ክንዱ አቅፎ ያዘ፤ መጨበጥ አይችልማ። ገመዱን እኔ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። ሰፈሩን አቋርጠን ስንሄድ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ቆመው አዩን። ማንም ሰላም አላለንም።

ስዋዚግ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ዱቄት ስትነፋ ነበር። መልህቁን ስታይ ወንፊቱን አስቀመጠች። ጉልቨን እንደቆመ ነገራት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እጅህ መታመሙን ዣኬዝ ያውቅ ነበር» አለች።

ጉልቨን መልህቁን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ሞኝ ነን እንዴ? ዳቦ ስሰጥህ በሁለት መዳፍህ እንደ ጫጩት እያቀፍክ ነው የምትቀበለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«ታዲያ አፍንጫዋ ላይ ለምን ተወኝ?»

«ማውረድ ከብዶት ነዋ። እኔ እኮ እለው ነበር፤ ንገረው፣ ሰውየው አንድ ቀን ይወድቃል እለው ነበር። ‹ጉልቨንን ከማወርደው ጀልባዋን ብሸጣት ይቀለኛል› አለኝ። ለገናም ሊሸጣት ተነጋግሮ ነበር። መስከረም የመጨረሻችሁ ነበር።»

ጉልቨን መልህቁን እንዳቀፈ ቁጭ አለ፤ ወንበር ፈልጎ አይደለም፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ነው የወደቀው።

«ለእጅህ ቂም የለኝም» አለች ስዋዚግ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እጅ ይከዳል። እኔ ያልገባኝ አፍህ ነው። አንድ ቃል ነበር እኮ፣ ጉልቨን። ‹ሄደ› ብትል ይበቃ ነበር። ‹ሄደ›። ሌላ መልህቅ ከታች ነበራችሁ፤ ሞተሩም ነበር። ባሌ እዚያ ተቀምጦ ፔሪግን እያየ ሲስቅ አንተ ታየው ነበር።»

«አየው ነበር።»

«ከእንግዲህ ይህን በር እንዳትረግጥ። ዳቦ አናይግ ትወስዳለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ክረምቱን ሙሉ ቀና ብዬ አላየሁሽም።»

«አዎ።»

«እንግዲህ» አለችና አንድ ክብ ዳቦ ከመደርደሪያው አውርዳ ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ይቅርታው ይኸው ነበር፤ ሌላም አልጠበቅኩም። መልህቁን ተውልኝ አለች፤ ተውንላት። ዛሬም ጓሮዋ ውስጥ አለ፤ ዶሮዎቿ ይቆሙበታል።

የመስፊያ ቤቱ ባለቤት ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ሸራ አስቀምጦልኝ አገኘሁ። ሰፋሁት። መርማሪው ጉልቨንን እንደገና አስጠርቶ ጠየቀው፤ ቃሉን ለወጠ። ሕጉ ብዙ አላደረገውም። ሰው ነው ያደረገው። ቱዲ መንገድ ይቀይርበታል። መጠጥ ቤት አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር፤ ሲገባ ጨዋታው ቆመ፣ ሳይቀመጥ ወጣ። በረዶውንም ተወ፤ እጆቹ አሁን ሁለቱም ጡጫ ናቸው። ማንኪያ እኔ ነኝ የምይዝለት።

ቅዳሜ ግን ይወጣል። ነፋስ ካለ እቤቱ ነው። ነፋሱ ሲሞት ተነስቶ «ካፖርቴን ቆልፊልኝ» ይለኛል። ባሕር ውስጥ የገባው የድንጋይ ግንብ ጫፍ ድረስ ይሄዳል። ጀልባዎቹ የውኃውን ሩጫ ለመሸሽ ዳር ይዘው ስለሚያልፉ ከዚያ ድምፅ ይሰማል። እሱም ይጮኻል።

«መልህቅህ ይዟል? አንተ ባለ ነጩ! ይዟል ወይ? ወደኋላ እየሄድክ ነው!»

ተወዳዳሪዎቹ ይጠሉታል። በድብቅ የጣለውን ሁሉ ያጋልጥበታላ። «ይህን ሽማግሌ አንድ ሰው ወደ ቤቱ ይውሰድልን!» እያሉ ይሰድቡታል። ከሌላ ወደብ የመጡት ይስቃሉ፤ የሰከረ ይመስላቸዋል። የውድድሩ ሰዎች ሁለት ጊዜ እቤት ድረስ መጥተው ለምነውኛል። «አስሬ ላስቀምጠው?» አልኳቸው። ሄዱ።

ባለፈው መስከረም፣ ደሴቱን ዞረው በሚመለሱበት ቀን፣ እንደዚያኛው ዓይነት ጉም ወረደ። ነፋሱ ሞተ። ላመጣው ስሄድ ግንቡ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ከጉሙ ውስጥ የሦስት ጀልባ ምሰሶ ብቻ ይታያል። ከመጮህ ብዛት ድምፁ ተሰንጥቋል።

«ይዟል ወይ? ተናገሩ! አንድ ቃል ተናገሩ!»

ማንም አልመለሰለትም። በዚያ ሰዓት ማንም አይናገርም፤ ከመካከላቸው የጣለው ካለ ዝም ማለቱ ነው ጥቅሙ። እጁን ያዝኩትና «በቃ፣ ና» አልኩት። አልሰማኝም።

ያኔ ከጉሙ ውስጥ የፔሪግ ድምፅ መጣ። ከሦስቱ መሐል ቀዳሚው እሱ ነበር።

«ይዟል፣ ጉልቨን! የኔ ይዟል! ጫፉንም አስሬዋለሁ!»

 ከዚያ ከሁለቱ ጀልባዎች ላይ ሲሳደቡና ሲስቁ ሰማን፤ ወዲያው እነሱም መልህቃቸውን ጣሉ፤ ጠብ ሲል ተሰማ። ነፋሱ ሲመለስ ሁለቱም ፔሪግን ቀደሙት። ያን ቀን ፔሪግ ሦስተኛ ወጣ።

ጉልቨን ወደ እኔ ዞረ። ካፖርቱ ተከፍቶ ነበር፤ ቆለፍኩለት። አገጩ ሥር ያለውን እንዳላጠብቀው ተጠንቅቄ ተውኩት።

«ይዟል አለ» አለኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩት። ዳቦ ቤቱ ሳይዘጋ መድረስ ነበረብኝ፤ እሱን እቤት አስገብቼ ብቻዬን ሄድኩ።